ራስ ሙሉጌታ ይገዙና የራያ መንገድ

ለወጣቶቻችን ስለ ጀግንነት ስናስተምር ድል አድራጊዎችን ብቻ መምረጥ ይቀናናል። በዚህ ዕትም ግን ከቆቦ ሜዳ እስከ ማይጨው ተራሮች በተዘረጋው የራያ ምድር ስማቸው ከሐዘን ጋር የሚነሣውን የራስ ሙሉጌታ ይገዙን ሕይወት ልንተርክ ወደድን።

ራስ ሙሉጌታ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ዘምተዋል። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ኋላም የጦር ሚኒስትር ሳሉ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የራስ ጉግሣ ወሌን ጦር ድል አደረጉ። ራስ ጉግሣ ቀደም ሲል በዐመፅ የተነሣውን የራያን ሕዝብ እንዲያስገብሩ ታዘው ነበር። ያ ዐመፅ በጦር ኃይል ስለ ተቀጣ በራያ ቤቶች ቂም አድሮ ቆየ። ይህን ሳናነሣ የሚከተለውን ብንናገር ግማሽ እውነት ይሆንብናል።

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ራስ ሙሉጌታ በስተርጅና መሐል ሰፋሪን መርተው ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ በእንደርታም አምባ አራዶምን ያዙ። በየካቲት የባዶሊዮ መድፍና አውሮፕላን አምባውን ቀጠቀጠው፤ ሠራዊቱም ተፈትቶ ወደ ደቡብ አፈገፈገ። ጠላት መሣሪያና ገንዘብ የሰጣቸው የራያና አዘቦ ሰዎችም በመንገድ ላይ አደጋ ጣሉበት።

በዚህ ሽሽት መካከል የራስ ሙሉጌታ ልጅ ታደሰ ተገደለ። ወሬው ለአባት በደረሰ ጊዜ ከፊታቸው የማምለጫ መንገድ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ሬሳ ተመለሱ። በዚያም ከአውሮፕላን በተተኰሰ ጥይት ወደቁ። ቁስለኛ ሊረዳ የመጣው የእንግሊዝ ተወላጅ፣ የቀይ መስቀሉ ሻለቃ በርጎይንም በዚያው ጉዞ ሕይወቱን አጣ።

አንዳንዶች፣ ለጦር አዛዥ ከልጁ ይልቅ የቀረው ሠራዊት ይቀድማል ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ወጣቶችም እንዲከራከሩበት እንወዳለን። ሆኖም አምባ አራዶም ከጠፋ በኋላ የሚመራ ሠራዊት ብዙም አልቀረም ነበር፤ የሚቀበር ልጅ ግን ነበር። ለእኛ ከአንቺም ድል ይልቅ ይህ መመለስ የሰውዬውን ጠባይ ይገልጥልናል። ጥይት ስለ ተኰሱት የራያ ጐበዞች ስንናገር ደግሞ፣ እነርሱም የሚያለቅሱላቸው ሙታን እንደ ነበሯቸው ለልጆቻችን አንሰውር።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አንቺም በሆነ በስድስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ማይጨው ላይ ተዋጉ። ተሸንፎ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር የተመለሰውንም ሠራዊት ያው አውሮፕላንና ያው ቂም ጠበቁት።