ስለ ኮሜንዮስ፥ የልጆች አስተማሪ

ዮሐንስ አሞጽ ኮሜንዮስ በ1592 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሞራቪያ በሚባል አገር ተወለደ። ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ሞራቪያ ዛሬ የቼክ ሪፑብሊክ ክፍል ነው። ኮሜንዮስ ገና ልጅ ሳለ አባቱና እናቱ ሞቱበት። አሳዳጊዎቹም ስለ ትምህርቱ ብዙ አላሰቡም። ስለዚህ የላቲን ቋንቋ ወደሚማሩበት ተማሪ ቤት የገባው በ16 ዓመቱ ነው።

በዚያ ዘመን መምህራን ልጆችን እጅግ ይገርፉ ነበረ። ልጆቹም ትርጓሜውን የማያውቁትን ቃል በቃላቸው እንዲይዙ ይገደዱ ነበረ። ኮሜንዮስ ዕድሜው ከፍ ያለ ስለ ነበረ ይህን ኹሉ አስተዋለ፤ አስተማሪ በኾነም ጊዜ አልረሳውም።

በ1618 ዓ.ም. ታላቅ ጦርነት ተነሣ። ወታደሮችም የሚኖርባትን ከተማ ዘረፉ። በ1622 ዓ.ም. ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በወረርሽኝ ሞቱ። በ1628 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖቱ ከአገሩ ተሰደደ፤ ከዚያም በኋላ ተመልሶ አልኖረባትም።

ኮሜንዮስ በፖላንድ አገር ሌሽኖ በምትባል ከተማ ተቀምጦ ያስተምር ዠመረ። ወንድም ሴትም፥ ድኻም ባለጠጋም መማር እንደሚገባቸው ጻፈ። ትምህርትም ከቅርብ ወደ ሩቅ፥ ከቀላል ወደ ከባድ ቀስ እያለ እንዲሄድ አሳሰበ።

ስለ ታሪክ ትምህርትም ይህንኑ ደንብ አኖረ። ታሪክ ለሕፃን ይከብዳል የሚል ሰው ብዙ ነው። ኮሜንዮስ ግን የታሪክ መዠመሪያው ሕፃኑ ትናንት የኾነውን ማስታወስ እንደ ኾነ አስረዳ። ትናንት ምን እንዳየ፥ ባለፈው ዓመትም ምን እንደ ተደረገ የሚናገር ሕፃን ታሪክ መማር ዠምሯል። ከዚያ በኋላ የአባቱንና የአያቱን ዘመን ቢነግሩት ያስተውላል። ከፍ ላሉት ተማሪዎች ደግሞ በስድስት ክፍል፥ በየዓመቱ አንድ ዐይነት የታሪክ ትምህርት መደበላቸው። በመዠመሪያው ዓመት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ፥ በመጨረሻው ዓመት የዓለምን ሕዝቦች ታሪክ፥ ይልቁንም የገዛ አገራቸውን ታሪክ እንዲማሩ ወሰነ።

በ1656 ዓ.ም. ሌሽኖ በጦርነት ተቃጠለች። የኮሜንዮስም ቤትና መጻሕፍት ዐብረው ተቃጠሉ። ከ40 ዓመት በላይ የደከመበት የመዝገበ ቃላት ጽሑፍ በእሳት ጠፋ። በዚያን ጊዜ 64 ዓመቱ ነበረ። እርሱ ግን ብዕሩን አልጣለም። አምስተርዳም ወደምትባል ከተማ ሄደና ሥራውን ቀጠለ። በ1658 ዓ.ም. ሥዕል ያለበት የልጆች መጽሐፉ በኑረምበርግ ከተማ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ሥዕል ላይ ቍጥር ተጽፏል፤ ያው ቍጥር በጽሑፉ ውስጥ ከነገሩ ስም አጠገብ ይገኛል። ስለዚህ ልጁ ነገሩን በዐይኑ እያየ ስሙን ያነባል። ይህ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ። ኮሜንዮስ በ1670 ዓ.ም. በአምስተርዳም ሞተ።

ታሪክ ለመማር የሚወድ ልጅ አስቀድሞ ትናንት ያየውን ሳይጨምርና ሳያጐድል መናገርን ይልመድ። በዐይኑ ያየውን አጣምሞ የሚናገር ሰው፥ ያላየውን የአባቶቹን ዘመን በእውነት ሊናገር አይችልምና።