ዣንግ ቺየን፦ ባዶ እጁን ተመልሶ መንገድ የከፈተው መልእክተኛ

ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት 138 ዓመት በፊት የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ዉ፣ ሾንግኑ በተባሉ ዘላኖች ላይ አጋር እንዲፈልግለት ዣንግ ቺየንን ወደ ምዕራብ ላከው። ከመቶ በላይ ሰዎች ተከተሉት። ሾንግኑዎች ግን በመንገድ ያዙት። አሥር ዓመት ያህል አብሯቸው ኖረ፤ ትዳር መሠረተ፤ ልጅም ወለደ። ሆኖም አደራውን አልረሳም። አምልጦ ፈርጋናና ባክትሪያ ቢደርስም የተላከበት አጋር አልተገኘም።

ከ13 ዓመት በኋላ አገሩ ሲገባ፣ አብረውት ከወጡት የተመለሰው ጋንፉ ብቻ ነበር። ለንጉሡ ያቀረበው ስለ ፈርጋና ፈረሶችና ስለ ፋርስ ምድር የሰበሰበውን መረጃ ነው። በሁለተኛው ጉዞው ረዳቶቹን ወደ ፋርስ ላከ።

ብዙዎች የወይንና የአልፋልፋን ዘር ያመጣው እሱ ነው ይላሉ። ዘሩን ያመጡት ግን ከእሱ በኋላ የሄዱ መልእክተኞች ናቸው፤ አልፋልፋው የፈረሶች ቀለብ ሆነ። የቻይና ሐርም በዚያው መንገድ ወደ ፋርስ ተጓዘ። ዣንግ ቺየን ያመጣው ዕውቀት ነበር፤ ዘሩ ዕውቀቱን ተከትሎ መጣ።