ንጉሥ ሚካኤልና ዓባይ ሚዛን

ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል። የሚያስገርመው ግን መስበሩ ብቻ አይደለም፤ ከሰበረ በኋላ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው ብሎ ሲከራከር ሰሚ ማግኘቱም ነው። የአገራችንን የፖለቲካ ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ይህን ደጋግሞ ያያል። አንዱን ሥራ የእኛ ወገን ሲሠራው ብልኅነት፣ ሌላው ወገን ሲሠራው ክሕደት እንለዋለን። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን የወሎውን የንጉሥ ሚካኤልን ሕይወት ባጭሩ እንመልከት።

ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቶ የሚገባባት ደሴ የእርሳቸው መናገሻ ነበረች። የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም ሲሆን ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር። ዘራቸውም ወረ ሂመኖን ለብዙ ትውልድ የገዛው የእስላም መሳፍንት ቤት ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የወሎ ሹማምንትም ክርስትና እንዲነሡ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የክርስትና አባት ሆኗቸው፤ ሚካኤል ተብለው የራስነትን ማዕርግ አገኙ። ሕዝቡም እንዲከተል ተገደደ። እምቢ ካለው አንዳንዱ ተሰደደ፤ እንደ ሼኽ ጦልሃ ያለው ደግሞ ሸፈተ። ራስ ሚካኤል ከአስገዳጆቹ ጋር ቆሙ። ሃይማኖትን ለሥልጣን መለወጥ ያን ጊዜ በቤተ መንግሥት ነውር አልተባለም፤ የተለወጠው ወደ ባለጊዜው ወገን ነበርና።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ራስ ሚካኤል ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተውም ኢያሱን ደሴ ላይ ወለዱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት የወሎን ፈረሰኛ እየመሩ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ በመደምሰስ ትልቅ ድርሻ አደረጉ። ያን ዕለት አጥማቂያቸው ማን እንደ ነበረ የጠየቀ አልነበረም።

ምኒልክ ታመው በ1901 ዓ.ም. ኢያሱን ወራሻቸው ሲያደርጉ መኳንንቱ ማሉ፤ አቡነ ማቴዎስም መሐላውን በግዝት አጸኑት። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ሚካኤል ደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። ልጅ ኢያሱ እውነተኛ በደል ነበረበት። በ1904 ዓ.ም. ወደ ጊሚራ በዘመተ ጊዜ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ለባርነት ተነድቷል። ነገር ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋን የወረደው በዚህ አልነበረም። ክሱ እስላም ሆነ፣ መስጊድ አዘወተረ፣ ብዙ ሚስት አገባ የሚል ነበር። በጊሚራ ነገር ለመክሰስ የከሳሾቹ ቤት በባሪያ ተሞልቶ ነበርና አልተመቸም። በሚስት ነገርስ ቢሆን ቅምጥ ያልነበረው ጌታ ስንት ነበር? ኢያሱ ሃይማኖቱን በእርግጥ ለወጠ ወይስ እስላሙን ሕዝብ ማቅረቡ ነበር የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሚሊዮን እስላሞችን በቅኝ ግዛት የያዙት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ መልእክተኞችም ኢያሱ ለቱርክና ለጀርመን አደላ ብለው ከሳሾቹን አበረቱ።

መሐላው እንዴት ሆነ? ጳጳሱ አመንትተው በመጨረሻ ፈቱት። በ1901 ያሰረው ቃል በ1909 ፈታ። በእርግጥ ኢያሱም ሐረርን ከደጃዝማች ተፈሪ በመንጠቅ የነበራቸውን ስምምነት አፍርሶ ነበር። ግን የአንዱ ማፍረስ ክሕደት ሲባል የሌላው ማፍረስ ሃይማኖትን ማዳን ተባለ። ከዚያ ወዲያ ዓይንን በጨው መታጠብ ብቻ ቀረ።

ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘመቱ። በቶራ መስክ ራስ ልዑልሰገድን ድል አድርገው ገደሉ፤ ነገር ግን ወዲያው አልገሠገሡም። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በደብዳቤ እያዘገዩ የሸዋን ጦር አሰባሰቡ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ወሎ ተሸነፈ። ሽማግሌው ንጉሥ ተማርከው በሰንሰለት በአዲስ አበባ ሕዝብ ፊት ተነዱ። የድሉ ተካፋይ የሆኑት የአዲሱ አልጋ ወራሽ የራስ ተፈሪ ባለቤት ወይዘሮ መነን ግን የሚካኤል የልጅ ልጅ ነበሩ።

ሚካኤል በ1910 ዓ.ም. እንደታሰሩ ሞቱ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በጦር ሚኒስትርነታቸው ተከብረው ኖሩ። ፊታውራሪው ታላቅ የመንግሥት ሰው ለመሆናቸው ክርክር የለንም። ሆኖም የ1901ዱ መሐላ የት ደረሰ ብሎ በአደባባይ የሚጠይቃቸው ማን ነበር? ጠያቂ መሆን የሚገባው ሁሉ የድሉ ተካፋይ ነበር። የመንግሥት ሰው ከነውር የሚተርፈው ሥራውን አስተባብሎ ብቻ አይደለም። ሳያፍር አደባባይ ይቆማል፤ ወገኖቹም ዐውቀው ዝም ይላሉ። ሐፍረት የሚመጣው ከገዛ ወገን ሲሆን ነው፤ የጠላትማ ስድብ ሽልማት ይሆናል።

ንጉሥ ሚካኤልን ግን ንጹሕ ሰማዕት ልናደርጋቸው አይገባንም። በቦሩ ሜዳ ዓባይ ሚዛኑ ወደ እርሳቸው ሲያጋድል አልተቃወሙም፤ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲል በዚያው ሚዛን ተመዘኑ። እኛም በማኅበራችን ስብሰባ የጥፋት ነገር ሲነሣ በመጀመሪያ የምንጠይቀው ማን ሠራው ብለን ነውን? ወይስ ምን ተሠራ? ይህን ዛሬ በትንሹ ያልለመደ ተማሪ ነገ ሹመት ላይ ሲቀመጥ ከየት ያመጣዋል?