አስማእ ቢንት ዑመይስ፦ በስደት ጎጆ የልጆቿን እምነት ያቆመች እናት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ዒድ በመጣ ቁጥር በአሶሳ ከተማ ነባሩ የበርታ ተወላጅ፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ የመጣው ገበሬ ልጅ፣ በሥራና በንግድ ከየአገሩ የተሰባሰበው ሁሉ በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይሰግዳል። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ደግሞ በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በፆሬ የስደተኞች መጠለያዎች አሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው እናቶች ልጆቻቸውን አዝለውና እየጎተቱ በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። ለእነርሱም ዒድ ይመጣል።

ስለ ዒድ የምጽፈው ግን ስለ አደባባዩ አይደለም፤ ስለ ቤታችን ነው። ነገሩን ያነሳሳኝም የገዛ ቤቴ ነው። አንድ ዓመት ኑሮ ከበደና ለትንሿ ልጄ አዲስ ልብስ ሳልገዛላት ረመዳን ተጠናቀቀ። በዋዜማው ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት፣ እኛ ቤት ዘንድሮ ዒድ የለም ስትላቸው በመስኮት ሰማኋት። አፈርኩ። ያፈርኩት ልብስ ስላልገዛሁ አልነበረም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከልብስ ሌላ ስለ ዒድ ምንም እንዳላስተማርኳት ስለገባኝ ነው። በዚያች ሌሊት ትዝ ያለችኝ በዚህችው በሐበሻ ምድር ልጆቿን ያሳደገችው ታላቋ ሰሐቢይት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ነበረች። እንግዲህ ታሪኳን አብረን እንቃኘው።

አስማእ ከኸሥዐም ጎሳ ናት። እናቷ ሂንድ ቢንት ዐውፍ ትባላለች፤ በሴት ልጆቿ ባሎች ማንነት ስሟ የሚነሳ እናት ናት። መይሙና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት፣ ኡሙል ፈድል የአጎታቸው የዐባስ ባለቤት፣ ሰልማ ደግሞ የሐምዛ ባለቤት ነበሩ። አስማእን ያገባት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ ነው። እስልምናን የተቀበለችው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አርቀም ቤት ከመግባታቸው በፊት ነበርና ከቀዳሚዎቹ ሙእሚናት ትቆጠራለች።

የመካ ቁረይሾች ግፍ በበረታ ጊዜ ባልና ሚስቱ ገና በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ጀዕፈር በነጃሺ ችሎት ቆሞ ስለ እስልምና የተናገረውን፣ ሱረቱ መርየምን ሲቀራም ንጉሡ እንዴት እንዳለቀሱ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ችሎቱ ያለቀው በአጭር ጊዜ ነው። ስደቱ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። ከችሎቱ በኋላ ያሉት እነዚያ ሁሉ ቀናት፣ ውሃ የሚቀዳባቸው፣ ሊጥ የሚቦካባቸው፣ ልጅ የሚታመምባቸው ቀናት በአመዛኙ በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ያለፉ ናቸው።

አስማእ በሐበሻ ዐብደላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን ወለደች። ዐብደላህ በዚህች ምድር ከተወለዱት ሙስሊም ሕፃናት የመጀመሪያው እንደነበር ይነገራል። ልብ በሉ! እነዚህ ልጆች ተወልደው ነፍስ ሲያውቁ በጆሯቸው የሚሰማ አዛን አልነበረም። አዛን የተደነገገው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ከገቡ በኋላ ነው። የረመዳን ጾምና ሁለቱ ዒዶችም የመጡት በመዲና ነው፤ ጾሙ የተደነገገው በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። አያቶቻቸው፣ አጎቶቻቸውና አክስቶቻቸው ከባሕር ማዶ ናቸው። ከደጃፋቸው ውጭ የሚነገረው ቋንቋ የእናታቸው ቋንቋ አይደለም። ሕዝቡ የሚያከብራቸው በዓላትም የእነርሱ አይደሉም።

ታዲያ እነዚህ ሕፃናት እምነታቸውን ከየት አገኙት? ከዚያች ጎጆ ነዋ! እስከዚያ ከወረደው ቁርዓን አባታቸው ሲቀራ ሲሰሙ፣ እናታቸው ስትሰግድ ከጎኗ ሲቆሙ፣ አይተዋቸው የማያውቋቸውን ነቢይ በስምና በፍቅር ሲያውቁ አደጉ። ከአሥር ዓመት በላይ ከወገን ተለይቶ የቆየ ቤተሰብ እንደ ጨው በውሃ ሟሙቶ ሊቀር ይችል ነበር። አልቀረም።

እምነታቸውን የጠበቁት ደግሞ ጎረቤትን በመጥላት አልነበረም። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ በዚያው ሰሞን ለነጃሺ ወንድ ልጅ ተወልዶ ስሙን ዐብደላህ ብለው ሲያወጡለት፣ አስማእ ከገዛ ልጇ ጋር ጡት አጥብታዋለች። እናት ጡቷን የሰጠችው ልጅ ደግሞ ባዕድ አይሆንም።

በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ628) ስደተኞቹ በመርከብ ተመለሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸይበርን ድል ባደረጉበት ወቅት ነበርና በጀዕፈር መምጣት የተሰማቸው ደስታ ከድሉ ደስታ ጋር የሚወዳደር መሆኑን ገለጹ።

አንድ ቀን አስማእ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሐፍሳን ልትጠይቅ ሄደች። የሐፍሳ አባት ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ገብተው ማንነቷን ሲያውቁ፣ ወደ መዲና በመሰደድ እኛ ቀድመናችኋልና ለነቢዩ ከእናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን የሚል ቃል ተናገሩ። አስማእ ተቆጣች። እናንተ ነቢዩ ዘንድ ሆናችሁ የተራበው ሲበላ፣ ያላወቀው ሲማር፣ እኛ ግን ለአላህና ለመልዕክተኛው ስንል በሩቅ ባዕድ አገር ነበርን ብላ ተሟገተች። ጉዳዩን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለማቅረብ ምላ፣ አቀረበችውም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዑመርና ባልደረቦቻቸው አንድ ሂጅራ እንዳላቸው፣ የመርከቡ ሰዎች ግን የሁለት ሂጅራ ባለቤት እንደሆኑ ፈረዱላት። አቡ ሙሳና ሌሎቹ የመርከቡ ሰዎች ከዚህ በላይ የሚያስደስታቸው ነገር አልነበረምና ይህንኑ ዜና ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን ወደ ቤቷ ይመላለሱ ነበር።

ይህ ፍርድ ለእርሷ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ሩቅ አገር በጎጆ ውስጥ የተደረገው ድካም ሁሉ፣ ልጅ ማሳደጉም ጭምር፣ አላህ ዘንድ እንዳልተረሳ የሚያበስር ነው።

ልጆቹ የደረሱባት መዲና ሕፃናት ከእምነቱ ደስታ ያልተገለሉባት ከተማ ነበረች። በዒድ ቀን ሴቶችና ልጃገረዶች፣ መስገድ የማይችሉት ሳይቀሩ ወደ መስገጃው እንዲወጡ ይታዘዙ ነበር። የአክስታቸው የኡሙል ፈድል ልጅ ዐብደላህ ኢብኑ ዐባስ ገና ልጅ ሳለ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በዒድ ሰላት መገኘቱን አድጎ ይተርክ ነበር። በዒድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች ድቤ እየመቱ ሲዘፍኑ አቡበክር ሊከለክሏቸው ቢነሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተዋቸው ብለዋል። ሐበሾች በመስጊዳቸው ውስጥ በጦር ሲጫወቱም ባለቤታቸው ዓኢሻ እስኪበቃት እንድታይ ቆመውላታል። የመዲና እናቶች የዓሹራን ጾም ልጆቻቸውን ሲያለማምዱ ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው ነበር፤ ልጁ ርቦት ሲያለቅስ መጫወቻውን ይሰጡትና እስከ ኢፍጣር ያቆዩታል። እንዲህ ነበር ሃይማኖት ለሕፃን የሚቀመሰው፤ ከፍቅርና ከጨዋታ ጋር።

ነገር ግን የአስማእ ቤት ደስታ ብዙ አልቆየም። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ629) ጀዕፈር በሙእታ ጦርነት ሸሂድ ሆነ። በዚያ ቀን አስማእ ቆዳዋን አልፍታ፣ ሊጧን አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡና ልጆቹን ጠሯቸው። አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይኖቻቸውም እንባ አቀረሩ። እናቲቱ ነገሩ ገባት፤ ጮኸች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው፣ ሐዘን ላይ ናቸውና ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ አዘጋጁላቸው ብለው አዘዙ። ዛሬ ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ ይዘን ስንሄድ የዚያችን ቀን ሱና እየተከተልን ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ እንዳይለቀስ አሳሰቡ፤ ጸጉር ቆራጭ አስጠርተውም የሕፃናቱን ጸጉር አስላጩ። ሙሐመድ አጎታቸውን አቡ ጣሊብን፣ ዐብደላህ ደግሞ እርሳቸውን እንደሚመስል ተናገሩ። የዐብደላህን እጅ ይዘውም ዱዓ አደረጉለት። እናቲቱ የልጆቹን የቲምነት አንስታ ስታዝን፣ በዱንያም በአኼራም ወሊያቸው እኔ ሆኜ ሳለሁ ድህነት ትፈሪባቸዋለሽን ብለው አጽናኗት። ከዚያም በኋላ ከጉዞ ሲመለሱ የቤተሰቡ ሕፃናት ሲቀበሏቸው፣ ዐብደላህ ኢብኑ ጀዕፈርን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ከፋጢማ ልጆች አንዱን ከኋላቸው አፈናጥጠው መዲና ይገቡ ነበር። የቲሙ ከፊት፣ የልጅ ልጃቸው ከኋላ!

አስማእ ከዚያ በኋላ አቡበክር አስ-ሲዲቅን አገባች። በአሥረኛው ዓመተ ሂጅራ ለስንብቱ ሐጅ ሲወጡ ዙል ሑለይፋ ላይ ሙሐመድ ኢብኑ አቢበክርን ወለደች። አራስ ነሽና ተመለሺ አልተባለችም፤ ታጥባ ኢሕራም እንድታደርግ ታዘዘች። ሕፃኑ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የሐጅ መንገደኛ ሆነ ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ልጃቸው ፋጢማ በታመመች ጊዜ፣ አስማእ በሐበሻ ያየችውን በዘንባባ ዝንጣፊና በጨርቅ የሚሸፈን የአስከሬን ቃሬዛ ሠርታ አሳይታት ፋጢማ እንደወደደችው ተዘግቧል። ባል አቡበክርም ሲሞቱ አስከሬናቸውን ያጠበችው እርሷ ናት።

ከዚያም ዓሊይ ኢብኑ አቢ ጣሊብ አገባትና የሕያ የሚባል ልጅ ወለደችለት። በአንድ ጣሪያ ሥር የሦስት አባት ልጆች! አንድ ቀን የጀዕፈር ልጅና የአቡበክር ልጅ የማን አባት እንደሚበልጥ ሲከራከሩ ዓሊይ እርሷ እንድትፈርድ ጠየቃት። እርሷም ከወጣት እንደ ጀዕፈር፣ ከጎልማሳ እንደ አቡበክር ያለ አላየሁም አለች። ዓሊይ ታዲያ ለእኛ ምን ተረፈልን ብሎ በቀልድ ተቀበላት። ልጆቹ የየአባቶቻቸውን ክብር ሳይነጠቁ በአንድ ማዕድ አደጉ።

በ38 ዓመተ ሂጅራ ሙሐመድ ኢብኑ አቢበክር በግብፅ ሲገደል መርዶው ደረሳት። በመስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ሐዘኗን እንደዋጠች ይተረካል። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ወደ ጌታዋ ሄደች። አላህ ሥራዋን ይውደድላት። በሐበሻ የተወለደው ዐብደላህ ግን በቸርነቱ እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሳ ሰው ሆኖ ኖረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያቀፉት የቲም የየቲሞች አቃፊ ሆነ።

ወንድሞችና እህቶች! ከዚህ ሕይወት ለቤታችን ምን እንውሰድ? የልጅ እምነት በዒድ ቀን ብቻ አይገነባም። የተራው ቀን ሰላት፣ የተራው ቀን ቁርዓን የሌለበት ቤት ዒድ ሲመጣ ልብስና ሥጋ ብቻ ይቀረዋል። ልብስና ሥጋ የታጡ ዕለት ደግሞ ዒዱም ይጠፋል። እኔ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ዒድ ለሕፃን የሚሰጠው ብዙው ነገር ዋጋ የለውም። ዘካተል ፊጥር በትልቁ ብቻ ሳይሆን በትንሹም ስም ይወጣል። ታዲያ ልጃችን የራሷን ቁና በእጇ ለምን አትሰፍርም? ማሽላም ይሁን በቆሎ ሰፍራ ከሰላቱ በፊት ለሚስኪን ታድርስ። በፊጥር ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ተምር በጎዶሎ ቁጥር መብላት፣ በአድሐ ግን ከሰላት በኋላ መብላት፣ ተክቢራ እያሉ በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ መመለስ፣ እነዚህ ሁሉ ለልጅ ጨዋታም ዒባዳም ናቸው። የተዘጋጀውም የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ቢሆን ለክርስቲያን ጎረቤት በልጅ እጅ ይላክ፤ ነጃሺ ያስጠጉትን ቤተሰብ ታሪክ ለልጁ በዚያው እንንገረው።

ከሁሉ በላይ የቲሙን አንርሳ። በከተማችን በግጭት አባታቸውን ያጡ፣ በመጠለያዎቹ በጦርነት ወላጅ የተነጠቁ ሕፃናት አሉ። የሱዳኗ እናት ዛሬ በእኛ ምድር ያለችው አስማእ ትናንት በነበረችበት ቦታ ነው። ቤታችን የሚያድገው ልጅ ያንን የቲም ከፊቱ ሲያስቀድም ከለመደ ዒድ ገብቶታል።

በተከታዩ ዒድ ለልጄ ልብስ ገዛሁላት ወይም አልገዛሁላትም የሚለውን አልነግራችሁም። ቁናውን ግን ራሷ ሰፈረች። ወደ መስገጃው ስንሄድ ተክቢራውን ከእኔ በላይ ጮክ ብላ ታሰማ ነበር።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ለተሰደዱት አገራቸውን፣ ለየቲሞቹ አቃፊ ይስጥልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከአሶሳ