አንሪ ደ ሞንፍሬድ

አንሪ ደ ሞንፍሬድ (ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 4 ቀን 1967 ዓ.ም.፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1879 – ዲሴምበር 13 ቀን 1974) ፈረንሳዊ መርከበኛ፣ ነጋዴና ደራሲ ነበር። ከ1911 ጀምሮ በመካከሉ ከተቋረጠው ጊዜ በቀር ሠላሳ ዓመት ያህል በቀይ ባሕር ዳርቻና በሐረርጌ መካከል ሲመላለስ ኖሯል። በባሕሩ ላይ ዕንቁ ነግዷል፣ የጦር መሣሪያና ሐሺሽ በድብቅ አመላልሷል፤ በየብስ በኩል ደግሞ በድሬዳዋ የንግድ ሥራ፣ በሐረር አቅራቢያ መኖሪያ ቤት ነበረው። ስለዚህ ሕይወቱ የጻፋቸው መጻሕፍት በፈረንሳይ በብዙ ተነብበዋል። በኢትዮጵያ ታሪክ ግን ስሙ የሚነሣው የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ ከደገፉ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ጋርም ነው። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ወጣትነት

ሞንፍሬድ የተወለደው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ባለችው የላ ፍራንኪ መንደር ነው። አባቱ ዦርዥ ዳንኤል ደ ሞንፍሬድ ሠዓሊ ሲሆን የታዋቂው ሠዓሊ የፖል ጎጋን የቅርብ ወዳጅ ነበር። አባትየው የራሱ ጀልባ ስለነበረው ልጁ በሸራ መቅዘፍን የተማረው ገና በሕፃንነቱ ነው። ካደገ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ከባሕር ርቆ ልዩ ልዩ ሥራዎችን ሞከረ። ከእነዚህም አንዱ የወተት ንግድ ነበር፤ እርሱም አልሰመረለትም። ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ አገሩን ትቶ በ1911 ወደ ጅቡቲ ተሻገረ።

ወደ ሐረርጌ መምጣቱ

ሞንፍሬድ መጀመሪያ የተቀጠረው ቡናና ቆዳ ይገዛ በነበረ የፈረንሳይ ንግድ ቤት ነው። በዚያን ጊዜ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ስለዚህ ከሐረር ደጋ የሚመጣው ቡና በጭነት እንስሳት ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ከዚያ በባቡር ወደ ወደቡ ይጓዝ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ይህን መንገድ ደጋግሞ ስለተመላለሰበት አገሩንና ሰዉን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ሐረር ሲደርስ ሌላው ፈረንሳዊ ነጋዴና ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከተማዋን ከለቀቀ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር። የሐረር ገዥ ደግሞ በ1910 የተሾሙት ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ነበሩ። እኚሁ ገዥ ከብዙ ዓመታት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሞንፍሬድን ከአገር ያስወጡታል።

የባሕር ሕይወቱ

በ1913 ገደማ ቅጥሩን ትቶ የራሱን ጀልባ ይዞ ወደ ባሕር ወጣ። በዚያው ዓመት አርምጋርት ፍሮይደንፌልድ የተባለችውን ጀርመናዊት አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። ቤቱን ያቆመው ከጅቡቲ ከተማ ማዶ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር በምትገኘው በኦቦክ ነው። ቀጥሎም እስልምናን ተቀብሎ አብደል ሐይ የሚል ስም ወሰደ፤ በዳርቻው ሕዝብ ዘንድ የታወቀውም በዚሁ ስም ነው። ከጀልባዎቹ መካከል ፋትሕ ኤል ራሕማን፣ ኢብን ኤል ባሕር (የባሕር ልጅ ማለት ነው) እና አልታይር ይጠቀሳሉ።

ባልንጀሮቹና መርከበኞቹ አፋሮች፣ ሶማሌዎችና የመናውያን ነበሩ። የኮራል ድንጋዩ የት እንደሚያደፍጥ፣ ነፋሱ በየወሩ ከየት አቅጣጫ እንደሚነሣ፣ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ መተላለፊያ ሞገዱ መቼ እንደሚከፋ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። ሞንፍሬድ በመጻሕፍቱ የተረከው የባሕር ዕውቀት ያለ እነርሱ የሚገኝ አልነበረም።

ዕንቁ ጠላቂዎች

ሞንፍሬድን ወደ ምፅዋና ወደ ዳህላክ ደሴቶች የሳበው ዕንቁ ነው። በዚያ ሞቃት ባሕር ውስጥ ሰዎች ያለ መተንፈሻ መሣሪያ፣ በአንድ ትንፋሽ እየጠለቁ የዕንቁ ዛጎል ይለቅሙ ነበር። ትልቁ የሸራ ጀልባ፣ ሳምቡክ፣ ራቅ ብሎ መልሕቁን ይጥላል። ጠላቂዎቹ ሁሪ በሚባሉ ትንንሽ ታንኳዎች ይበተናሉ። ነፋስ ባልተነሣበት ሰዓት፣ ሥሩ በመስተዋት የተገጠመ ቆርቆሮ ውኃው ላይ አስደግፈው የባሕሩን ወለል ይቃኛሉ፤ ዛጎሉን ያየው ሰው ዘሎ ይገባል።

ሥራው አደገኛ ነበር። የውኃው ግፊት ጆሮን ይጎዳል፤ ሻርክና መርዛም ዓሣም ያሰጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ዕዳ ነው። ጠላቂው ለወራት የሚበላውንና ለቤተሰቡ የሚተወውን ገንዘብ ከጀልባው አለቃ ወይም ከነጋዴው አስቀድሞ ይበደራል። ከባሕር ሲመለስ የድርሻው ገንዘብ ዕዳውን ስለማይሸፍን ለሚቀጥለው ወቅትም እንደታሰረ ይቆያል። ዕንቁው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ አውሮፓ ሲደርስ ዋጋው እጅግ ይጨምር ነበር፤ ከጭማሪው ግን ለጠላቂው የሚደርሰው ነገር አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ በጃፓን በሰው እጅ የሚራባው ዕንቁ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ የቀይ ባሕር ዕንቁ ንግድ ተዳከመ።

ኮንትሮባንድ

ዕንቁ ብቻውን ስላላበለጸገው ሞንፍሬድ የጦር መሣሪያ ንግድ ውስጥ ገባ። በዚህም ከፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ጋር ተጣልቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ጅቡቲ ላይ ታሰረ። ከዚያም ከግሪክ ሐሺሽ ገዝቶ በስዊዝ በኩል ወደ ግብጽ አስገባ። ይህን ታሪክ በኋላ መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል።

ድሬዳዋና ሐረር

ከባሕር ያገኘውን ገንዘብ በከፊል ያዋለው በድሬዳዋ ነው፤ በዚያም የዱቄት ፋብሪካና የኤሌክትሪክ ማመንጫ አቋቋመ። የድሬዳዋና የባሕሩ ሙቀት ሲከብድ ቤተሰቡ የሚያርፈው በሐረር አቅራቢያ፣ አራዌ በተባለ ስፍራ በነበረው ቤት ነው። በአው ሐኪም ስም የሚጠራው ሐኪም ጋራ ከደቡብ በኩል የጀጎልን ግንብ ቁልቁል የሚያይበት ይህ አካባቢ ነፋሻማና ቡና አብቃይ ነው።

ወዳጁ የነበረው ካህንና የሥነ ቅሪተ አካል ተመራማሪ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ወደዚህ አገር የመጣው በሞንፍሬድ ግብዣ ነው። ሁለቱ በ1929 በድሬዳዋ አጠገብ ያለውን፣ ዛሬ በፈረንሳይኛ ፖርክ ኤፒክ (ጃርት) ተብሎ የሚታወቀውን ዋሻ ለጥናት አስተዋወቁ። ዋሻው የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎችና የዋሻ ሥዕሎች የተገኙበት ነው።

ደራሲነቱ

በ1930 ጋዜጠኛው ዦዜፍ ኬሴል ስለ ባሪያ ንግድ ለመዘገብ ወደ አካባቢው ሲመጣ ሞንፍሬድ መንገድ መራው። ኬሴል ታሪኮቹን ሰምቶ እንዲጽፋቸው ገፋፋው። የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የቀይ ባሕር ምሥጢሮች፣ በ1931 ታትሞ ወዲያው ዝና አተረፈለት፤ በ1937ም ወደ ፊልም ተለወጠ። ጸሐፊው ያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነበር። እስኪሞት ድረስ ሰባ የሚያህሉ መጻሕፍት አሳተመ።

መባረሩና የፋሺስት ወረራ

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ሞንፍሬድን ከኢትዮጵያ አስወጡት። እርሱም በጽሑፎቹ ንጉሠ ነገሥቱንና መንግሥታቸውን ማጥቃት ጀመረ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የሙሶሊኒ ደጋፊ ሆኖ፣ በጋዜጠኝነት ከኢጣሊያ ጦር ጋር ተመልሶ መጣ። ስለ ባሕሩ በጻፈው ያገኘው ዝና ወረራውን ለሚደግፉ ጽሑፎቹ በፈረንሳይ አንባቢ አስገኘላቸው። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቤቱ በአቅራቢያዋ የነበረችውን የሐረርን ከተማ በቦምብ ደበደቡ። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ሞንፍሬድ በወረራው ዘመን በአካባቢው ኖረ።

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሐረርን ከኢጣሊያኖች አስለቀቀ። ሞንፍሬድም በእንግሊዞች ተይዞ ወደ ኬንያ ተላከ። በኋላም በኬንያ ተራራ አካባቢ ኖሮ በ1947 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ።

የመጨረሻ ዘመኑ

ቀሪ ዕድሜውን ያሳለፈው ከባሕር ርቃ በምትገኘው በአንግራንድ መንደር ሲጽፍና ሥዕል ሲሥል ነው። ሆኖም በ1958፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ከሬዩኒየን ደሴት በጀልባ ተነሥቶ ለቀናት የደረሰበት ከጠፋ በኋላ በሕይወት ተገኘ። በ95 ዓመቱ ሲሞት፣ ከኢትዮጵያ ያስወጡት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው ከወረዱ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር።

ሥራዎቹ በታሪክ ምንጭነት

የሞንፍሬድ መጻሕፍት በሞተርና በታንከር ከመለወጡ በፊት የነበረውን የቀይ ባሕር ኑሮ፣ ማለትም የሸራ ጀልባዎችን፣ የዕንቁ ገበያውንና የጠላቂዎችን ሕይወት፣ በዓይን ምስክር የሚያቀርቡ ናቸው። ይሁን እንጂ ደራሲው የራሱን ጀብዱ የሚተርክ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን አመለካከት የተቀረጸና ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍ ቂም የያዘ ሰው ነበር። ስለዚህ የሚለው ነገር ከሌሎች ምንጮች ጋር ሊመዛዘን ይገባል። አብረውት የቀዘፉት አፋሮችና ሶማሌዎች፣ በዳህላክ የጠለቁትም ሰዎች በእነዚህ ገጾች ላይ የሚታዩት በእርሱ ዓይን ብቻ ነው።