ቅድስት ዣን ዡጋን፣ አልጋዋን ለአረጋውያን የለቀቀች እናት



እናት ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ሕይወት የምታስታውሰን እንድናደንቃቸው ብቻ ሳይሆን ፈለጋቸውን እንድንከተል ነው። በዚህ እትም ታሪኳን የምናቀርብላችሁ ቅድስት ዣን ዡጋን የድሆች ታናናሽ እኅቶች ማኅበር መሥራች ናት። ከባለጸጎች ወገን አልተወለደችም፤ ከፍ ያለ ትምህርትም አልተማረችም። የወጥ ቤት ሠራተኛና የሆስፒታል አስታማሚ ነበረች፤ በኋላም ጧሪ ቀባሪ ያጡ አረጋውያንን ስትንከባከብ ኖረች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዣን በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብረታኝ ምድር፣ ካንካል በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ኦክቶበር 25 ቀን 1792 ተወለደች። ለወላጆቿ ከስምንት ልጆች ስድስተኛዋ ነበረች። ገና አራት ዓመት ሳይሞላት አባቷ ዓሣ ለማጥመድ ወደ ባሕር እንደ ወጣ በዚያው ቀረ። እናቷም በቀን ሥራ እየደከመች ልጆቿን አሳደገች። ዘመኑ የፈረንሳይ አብዮት ዘመን በመሆኑ ካህናት ይሳደዱ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ይዘጉ ነበር። በዚያ ክፉ ጊዜ በእምነታቸው የጸኑ ምእመናን ሕፃናትን ሰብስበው በስውር ጸሎትና ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምሩ ነበር። ዣን እምነቷን ያገኘችው ከእነዚህ ስማቸው ካልታወቀ መምህራን ነው። ዛሬ በየቁምስናው በትጋት የምታስተምሩ ወገኖቻችን ይህን ልብ በሉ፤ የተዘራው ዘር ምን እንደሚያፈራ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ልጅቷ ከብት በመጠበቅና ክር በመፍተል እናቷን ስትረዳ አደገች። በዐሥራዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ በአንዲት መኳንንት እመቤት ቤት በወጥ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠረች። እመቤቲቱ ድሆችንና ሕመምተኞችን ስትጎበኝ ዣንን አስከትላ ትሄድ ነበር። በዚያም ወጣቷ፣ የተቸገረ ሰው ከእንጀራው ይልቅ የሚሰጠውን ሰው ፊት አስቀድሞ እንደሚያይ ተማረች። አንድ መርከበኛ ለጋብቻ ቢጠይቃትም አልተቀበለችም። እግዚአብሔር ገና ላልተመሠረተ ሥራ እንደሚፈልጋት ለእናቷ ገለጸችላት፤ ያ ሥራ ምን እንደሆነ ግን ራሷም አላወቀችም ነበር።

በ1817፣ በ25 ዓመቷ፣ ያሏትን መልካም ልብሶች ለእኅቶቿ ትታ በአቅራቢያው ወዳለችው ወደ ሳን ሴርቫን ከተማ ሄደች። በዚያም ለ ሮዜ በተባለው ሆስፒታል አስታማሚ ሆና ገባች። በዚያ ዘመን አስታማሚነት እንደ ዛሬው የነርስነት ሙያ በትምህርት ቤት የሚገኝ አልነበረም። ሕመምተኛውን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ቁስሉን መጠቅለል፣ ሌሊት አጠገቡ መንቃት፣ ሲሞትም መገነዝ ነበር። ዣን ይህን ሥራ ስድስት ዓመት ያህል ሠርታ ጉልበቷ ስለ ደከመ ሆስፒታሉን ለቀቀች። በእነዚሁ ዓመታት በ17ኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ዮሐንስ ኤውድስ ወዳቋቋመው የምእመናን መንፈሳዊ ማኅበር ገባች፤ ከዚያም በጸሎትና በትሕትና መኖርን ተማረች።

ከዚህ በኋላ ወይዘሪት ለኮክ በምትባል መንፈሳዊት ሴት ቤት ለ12 ዓመታት ያህል አገለገለች። ሁለቱም አብረው ይጸልዩ፣ ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምሩ፣ ድሆችንም ይረዱ ነበር። ወይዘሪት ለኮክ በ1835 ካረፈች በኋላ ዣን በዕድሜ ከገፋች ጓደኛዋ ከፍራንስዋዝ ኦቤር ጋር አንዲት አነስተኛ መኖሪያ ተከራየች። ቪርዢኒ ትሬዳኒየል የምትባል ወላጅ አልባ ወጣትም ተጨመረችላቸው። ዣን በየሰው ቤት ልብስ በማጠብና በቀን ሥራ እየዋለች ኑሮዋን ትገፋ ነበር።

ሳን ሴርቫን የመርከበኞች ከተማ ስለሆነች ባሎቻቸውን ባሕር የወሰደባቸው መበለቶች ብዙዎች ነበሩ። ጉልበት እስካላቸው ድረስ ሠርተው ይበላሉ፤ ሲያረጁ ግን ልመና ይወጣሉ። በ1839 ክረምት፣ ብርዱ በበረታበት ወቅት፣ አን ሾቨን የምትባል ዓይነ ስውርና ግማሽ አካሏ ሽባ የሆነ አንዲት አሮጊት የሚጦራት ሰው አጥታ ነበር። ዣን ይህን ሰምታ ወደ ቤቷ አመጣቻት፤ በጠባቡ ደረጃም ተሸክማ እንዳወጣቻት ይተረካል። በቤቱ ትርፍ አልጋ ስላልነበረ ዣን የራሷን አልጋ ለአሮጊቷ ለቀቀችና ከጣራው ሥር ባለው ቆጥ ላይ ተኛች። ጥቂት ቆይታ ሁለተኛ አሮጊት ስትመጣ ቪርዢኒም አልጋዋን ለቀቀች።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ዣን በዚያን ጊዜ የ47 ዓመት ሴት ነበረች። ገንዘብም ሆነ ቤት፣ ባለሥልጣን ወዳጅም አልነበራትም። ሥራውን ለመጀመር ግን ገንዘብ እስክታገኝ አልጠበቀችም፤ የነበራትን አንድ ነገር ሰጠች። አንድን አረጋዊ መጦር ማለት ከሚተርፈን መስጠት ብቻ ሳይሆን የራሳችንን ስፍራ ለእርሱ መልቀቅ መሆኑን ከዚህች አልጋ እንማራለን።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጥኖ አደገ። ማሪ ዣሜና ማድሌን ቡርዥ የተባሉ ወጣቶች ተባበሯቸው፤ የቁምስናው ረዳት ካህን አባ ለ ፓየርም ይመሯቸው ጀመር። በ1841 ቀድሞ መጠጥ ቤት የነበረ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይተው 12 አረጋውያን ሴቶችን አስገቡ። በ1842 ደግሞ አንድ አሮጌ የደናግል ገዳም ገዙ፤ በዚያም አርባ ያህል አረጋውያን ተጠለሉ።

ይህን ሁሉ አፍ የሚያጎርሰው ምን ነበር? አሮጊቶቹ ቀድሞ በየቀኑ ለልመና ይወጡ ነበር፤ በመንገድም ብዙ ውርደትና ፈተና ይገጥማቸው ነበር። ዣን ቅርጫታቸውን ተቀብላ በእነርሱ ፈንታ በየደጃፉ ለመለመን ወጣች። በዚህም የቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ወንድሞች መከሯት። ትዕቢት ለሌለበት ሰው እንኳ መለመን ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ የተቆጣ ሰው በጥፊ በመታት ጊዜ እርሷ በትሕትና ጥፊው ለራሷ እንደ ሆነ ነግራው አሁን ደግሞ ለድሆቿ የሚሆን እንዲሰጣት ለመነችው ይባላል። አረጋውያኑም ሥራ ፈትተው እንዲቀመጡ አላደረገችም፤ የሚችሉት ክር ይፈትሉ ነበር። የሚሠራ እጅ ክብሩን እንደማያጣ ታውቃለችና።

በዲሴምበር 1845 የፈረንሳይ አካዳሚ ስለ በጎ ምግባር የሚሰጠውን የሞንትዮን ሽልማት፣ 3,000 ፍራንክ፣ ለዣን ዡጋን ሰጠ። ሆኖም ዓለም ሲያከብራት በገዛ ቤቷ ሌላ ነገር እየተፈጸመ ነበር። በ1843 መጨረሻ እኅቶች ዣንን እንደገና አለቃ አድርገው ሲመርጡ አባ ለ ፓየር ምርጫውን ሽረው ገና የ23 ዓመት ወጣት የነበረችውን ማሪ ዣሜን በስፍራዋ ሾሙ። ዣን አልተከራከረችም፤ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ልመናዋ ተመለሰች። በሬን፣ በዲናንና በሌሎችም ከተሞች ቤቶች እንዲከፈቱ ደከመች። ማኅበሩ በ1851 ባሕር ተሻግሮ ለንደን ደረሰ።

በ1852 ግን ከልመናም እንድትቀር ታዘዘችና ወደ ማኅበሩ ዋና ቤት ተጠራች። በኋላም ይህ ዋና ቤት ሳን ፔርን በሚባል ገጠር ወዳለው ወደ ላ ቱር ሳን ዦዜፍ ተዛወረ። እኅት ማርያም ዘመስቀል ተብላ በጠቅላላው 27 ዓመታት ያለ ሹመት ኖረች። አባ ለ ፓየር ራሳቸውን መሥራች አድርገው ታሪኩን ስላስጻፉ በየዓመቱ የሚገቡት ወጣት ደናግል ይህች በትር የምትደገፍ አሮጊት ማን እንደ ሆነች አያውቁም ነበር። የመጀመሪያዋን አሮጊት የተሸከመችው ሴት ራሷ አርጅታ፣ ዓይኗ ደክሞ፣ በመሠረተችው ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀመጠች።

ይህ በደል እንደ ነበር ልንሸሽግ አይገባም። ትሕትናዋ በደሉን ጽድቅ አያደርገውም፤ ቅድስት መንበርም ጉዳዩን መርምራ በ1890 አባ ለ ፓየርን ከኃላፊነታቸው አነሣቻቸው። ነገር ግን ዣን በእነዚያ ዓመታት አልመረረችም። ለወጣቶቹ በቃልና በኑሮ ትሕትናን አስተማረች፤ አረጋውያንን እንዲያስደስቱ፣ ድሆችን ጌታን እንደሚያገለግሉ ሆነው እንዲያገለግሉ መከረቻቸው። በ1865 ማኅበሩ ቋሚ ገቢ የሚያስገኝ ሀብት ይቀበል ወይስ አይቀበል የሚል ጥያቄ ሲነሣ ወደ ምክር ቤቱ ተጠርታ በእግዚአብሔር መግቦት ብቻ መታመን እንዲቀጥል አሳሰበች፤ ምክሯም ተፈጸመ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በማርች 1879 የማኅበሩን ሕግ አጸደቁ። በዚያው ዓመት ኦገስት 29 ቀን ዣን በ86 ዓመቷ በሰላም አረፈች። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ 2,400 ያህል ደናግልና 177 ቤቶች ነበሩት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1982 ብፅዕናዋን፣ ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ ኦክቶበር 11 ቀን 2009 ቅድስናዋን አወጁ። ዛሬ ልጆቿ በአምስቱም አህጉራት አረጋውያንን ይጦራሉ።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በመጨረሻው ቀን ስለ ምን እንደሚጠይቀን አስቀድሞ ነግሮናል። በእኛም አገር በየሆስፒታሉ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ይዞ የሚቀመጥ አስታማሚ የሌለው አረጋዊ አይጠፋም። የጎረቤቱ በሽተኛ ምሳ ከቤት ሲመጣለት እርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ነርሶቹ ቢተጉም ለሁሉ መድረስ አይችሉም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወጣቶችን ይዛችሁ ሂዱ። እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ ነርሷን አስፈቅደው ወደ አልጋው እንዲቀርቡ፣ ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው እንዲያነጋግሩ፣ እማማ ወይም አባባ ብለው እንዲጠሩ፣ ሲያጎርሱም እንዳይቸኩሉ አስተምሯቸው። ጠያቂ ያላችሁ ሕመምተኞችም፣ ከመጣላችሁ ምግብ ለጎረቤታችሁ ማካፈልን አትርሱ።

ሽማግሌው ሲደጋግም መታገሥ፣ በቤታችንም ከእሳቱ ዳር ያለውን የሞቀ ስፍራ ለእርሱ መልቀቅ፣ ይህ ሁሉ የዣን ዡጋን አልጋ ነው። ዛሬ የምንለቅቀው ስፍራ ነገ እኛው የምንሻው ነውና።

በኦገስት 30 ቀን የምትታሰበው የቅድስት ዣን ዡጋን ጸሎትና አማላጅነት ከአረጋውያኖቻችንና ከአስታማሚዎቻቸው ሁሉ ጋር ይሁን። አሜን።