ሃዋርድ ሂዩዝ፦ ባለቤቱ ሲርቀው ያደገው ኩባንያ

ብዙዎቻችን ሃዋርድ ሂዩዝን የምናውቀው በፊልም ነው። አብራሪ፣ የሆሊውድ ሰው፣ በመጨረሻ ደግሞ ጀርም ፈርቶ ክፍሉን ዘግቶ የተቀመጠ ቢሊየነር። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ብዙ ስለማይወራለት ጎኑ ነው፤ ስሙን ስለተሸከመው የመከላከያ ኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂዩዝ በ1905 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ጠንካራ አለት የሚበሳ የነዳጅ ጉድጓድ መሰርሰሪያ ሠርቶ የከበረ ሰው ነበር። ብልጠቱ ደግሞ መሰርሰሪያውን እያከራየ እንጂ እየሸጠ አለመሥራቱ ነው። እናቱ በ1922፣ አባቱ በ1924 ሞቱ። ልጁ 19 ዓመት እንደሞላው ፍርድ ቤት ሄዶ እንደ አዋቂ እንዲቆጠር አስወሰነ፣ የዘመዶቹን ድርሻ ገዛና ሂዩዝ ቱል የሚባለውን ኩባንያ ብቻውን ያዘው።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የሄደው ወደ ፊልምና ወደ አውሮፕላን ነው። በ1932 ሂዩዝ ኤርክራፍትን ያቋቋመው እንደ መሰርሰሪያው ኩባንያ አንድ ክፍል አድርጎ ነበር። መጀመሪያ ላይ ነገሩ የሀብታም ልጅ ጋራዥ ይመስል ነበር። ግን ሰውዬው ቀልደኛ አልነበረም። በ1935 እዚያው ባሠራው አውሮፕላን የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ1938 ደግሞ ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ዓለምን በ3 ቀን ከ19 ሰዓት ገደማ ዞረ።

እዚህ ላይ እኛንም የሚነካ ነገር አለ። ሂዩዝ ከ1939 ጀምሮ ቲ ደብሊው ኤ የተባለውን አየር መንገድ አክሲዮን ሲገዛ ቆይቶ ዋና ባለድርሻ ሆኗል። በ1945 መጨረሻ (በእኛ 1938) የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም ስምምነቱን የተፈራረመውና ባለሙያ ያቀረበው ይኸው ቲ ደብሊው ኤ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ግን ሂዩዝ ኤርክራፍት አልቀናውም። ከመንግሥት የተቀበላቸው ሁለት ትልልቅ የአውሮፕላን ሥራዎች ጦርነቱ እስኪያልቅ አልደረሱም። አንደኛውን በ1946 ራሱ ሲሞክረው ቤቨርሊ ሂልስ መኖሪያ ሰፈር ላይ ተከሰከሰና ለጥቂት ተረፈ። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠራው ግዙፍ የባሕር አውሮፕላን ነው፤ የክንፉ ስፋት 97 ሜትር ያልፋል። በኅዳር 1947 አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ማይል ገደማ በረረ። በቃ፣ ዳግም አልተነሳም።

ታዲያ ኩባንያው እንዴት ተረፈ? በኤሌክትሮኒክስ። ሳይመን ራሞ እና ዲን ዉልድሪጅ የሚባሉ ሁለት ወጣት ሳይንቲስቶች መጥተው ራዳር፣ የተኩስ መቆጣጠሪያና የሚመራ ሚሳይል መሥራት ጀመሩ። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ የአሜሪካ አየር ኃይል ለጠላፊ ጄቶቹ የሚሆነውን መሣሪያ ከሂዩዝ በቀር የሚያቀርብለት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ባለቤቱ ነበር። ይጠፋል። ውሳኔ ሲጠበቅ አይገኝም፣ ሲገኝ አይወስንም። አስተዳዳሪዎቹ እርስ በርስ ተባሉ። በ1953 ራሞና ዉልድሪጅ ጥለው ወጥተው የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ፤ ይኸው ድርጅት በኋላ ቲ አር ደብሊው ተባለ። ቴክስ ቶርንተን የሚባለው ሥራ አስኪያጅም ወጥቶ ሊተን ኢንዱስትሪስን ገነባ። አስቡት፣ አንድ ሰው መወሰን ስላቃተው ሁለት ግዙፍ ተፎካካሪዎች ከጉያው ወጡ! የአየር ኃይሉ ሚኒስትር ሃሮልድ ታልቦት በአካል መጥቶ ቤትህን ካላስተካከልክ ሥራው ይነጠቃል ብሎ አስጠነቀቀው።

ሂዩዝ ያኔ ያደረገው ነገር ገራሚ ነው። በታኅሣሥ 1953 በስሙ የሕክምና ምርምር ተቋም አቋቁሞ ሂዩዝ ኤርክራፍትን እንዳለ ለተቋሙ ሰጠ። የተቋሙ ብቸኛ ባላደራ ደግሞ ራሱ! ብዙዎች ይሄ ከግብር መሸሻ ነው ብለው ተችተውታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለምርምር የወጣው ገንዘብም ትንሽ ስለነበር ትችቱ መሠረት አልባ አልነበረም።

በ1954 ግን ሎውረንስ ሃይላንድ የሚባል የራዳር ባለሙያ ኩባንያውን እንዲመራ ተሾመና ነገሩ ተለወጠ። ሥራው በየዘርፉ ተደራጀ። የሚሳይሉ ሥራ አሪዞና ቱሳን፣ የምድር ራዳሩ ፉለርተን፣ የሳተላይቱ ኤል ሰጉንዶ፣ ቤተ ሙከራው ማሊቡ። ደንበኛውም በዛ። አየር ኃይሉ ፋልከን ሚሳይልን፣ ምድር ጦሩ ቶው የተባለውን ፀረ ታንክ፣ ባሕር ኃይሉ ፊኒክስን ከዚሁ ቤት ወሰዱ።

በ1960 ማሊቡ ውስጥ ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። በ1964 ሲንኮም 3 የተባለችው የሂዩዝ ሳተላይት የቶኪዮ ኦሎምፒክን ምስል ወደ አሜሪካ አስተላለፈች፤ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ያው ኦሎምፒክ። በ1966 ደግሞ ሰርቬየር 1 ጨረቃ ላይ በሰላም አረፈች።

በዚያው በ1966 ባለቤቱ ምን ላይ ነበር? የቲ ደብሊው ኤ ድርሻውን በ546 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ላስ ቬጋስ አንድ ሆቴል ገባና መጋረጃውን ዘጋ። ቁመቱ 1.93 ሜትር የነበረው ሰው ሚያዝያ 5 ቀን 1976 ወደ ሂዩስተን በምትበር አውሮፕላን ውስጥ ሲሞት ክብደቱ 41 ኪሎ ገደማ ነበር። ማንነቱ የተረጋገጠው በጣት አሻራ ነው። ሕጋዊ ኑዛዜ አልተገኘም፤ የውርስ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ።

በ1984 ፍርድ ቤት ለሕክምና ተቋሙ አዲስ ባላደራዎች ሾመ። እነሱም በቀጣዩ ዓመት ሂዩዝ ኤርክራፍትን ለጄኔራል ሞተርስ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጡት። ክፍሎቹ ከዚያ በኋላ ተበታተኑ፤ የመከላከያው ዘርፍ በ1997 ለሬይቲየን፣ የሳተላይቱ በ2000 ለቦይንግ።

ገንዘቡስ? ከግብር መሸሻ ነው የተባለው ተቋም ዛሬ በዓለም ላይ ለሥነ ሕይወት ምርምር ብዙ ገንዘብ ከሚያወጡት ግብረ ሰናይ ድርጅቶች አንዱ ነው፤ በርካታ የኖቤል ተሸላሚዎችንም ደግፏል። ለራሱ ሕመም መድኃኒት ያጣው ሰው ሀብት ለሌላው መድኃኒት መፈለጊያ ሆነ።

እኛ ግን የሚገርመን ሌላው ነው። ኩባንያው ትልቁን ሥራ የሠራው ባለቤቱ እጁን ካነሳ በኋላ ነው። እጁን ባያነሳ ኖሮስ? ምን ትላላችሁ ቤተሰቦች? ኮሜንት ላይ እንጠብቃችኋለን።